የጁስ ቤቱን ባልዲ አይተሽዋል?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። «ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አካባቢ ጎራ ብዬ አቮካዶ ወይም ስፕሪስ መጠጣት ልማዴ ነው። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ጠጣሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቁርጠትና ትውከት ቀሰቀሰኝ፣ ከዚያ ተቅማጥ ተከተለ። በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። የገረመኝ ግን ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ነው፣ ቤቱም ርካሽ ከሚባሉት አይደለም። የ4 ዓመት ልጄንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው እወስደዋለሁ። ጁስ ጭራሽ ልተው ወይስ ንጹሁን የምለይበት ዘዴ አለ?»

ከታይፎይዱ እንጀምር። ማክሰኞ አመሻሽ የጠጣሽው ጁስ ማክሰኞ ሌሊት ታይፎይድ ሊያሲዝሽ አይችልም። የታይፎይድ ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሳምንት ይፈጅበታል። ሲፈጥን 6 ቀን ነው፣ ሲዘገይ ወር ይሞላል። አመጣጡም እንዲህ ድንገት አይደለም፤ ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ፣ ራስ ምታትና ድካም እየታከለበት ነው የሚመጣው። ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን ታይፎይድ ተጻፈ? የተሠራልሽ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ይመስለኛል። ዊዳል ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው፤ እሱ ደግሞ ድሮ ከያዘሽ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ዘመድ ባክቴሪያ የተረፈ ሊሆን ይችላል። እንደኛ አገር ታይፎይድ በተለመደበት ቦታ አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ብቻውን ብዙ አያስተማምንም። በሕይወቱ አንዴ እንኳ «ታይፎይድና ታይፈስ» ያልተባለ ሰው ከተማችን ውስጥ ማግኘት የሚከብደው በከፊል ለዚህ ነው። የተሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያየው ምርመራ፣ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም።

ይህን ስል መድኃኒቱን ጣይው እያልኩሽ አይደለም። እኔ የምግብ ደህንነት ባለሙያ ነኝ፣ አልመረመርኩሽም። ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ ሐኪሙ ተመለሺና ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረሽ በሰዓቱ ንገሪው፣ ከዚያ «በእርግጥ ታይፎይድ ነው ወይ፣ መድኃኒቱን ልጨርስ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ይህ ጥያቄ ሐኪም አያስቀይምም። ካስቀየመው ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

ከጠጣሽ ከ8 ሰዓት ያህል ቆይታ በኋላ ያመመሽ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? አንዱ ተጠርጣሪ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ከሰው እጅ፣ ከአፍንጫና ከቁስል ወደ ምግብ ይገባና ምግቡ ሙቀት ላይ ሲቆይ መርዝ ያመርታል። ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በትውከት ያጣድፋል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን ይለቃል። ታይፎይድ የማያመጡት የሳልሞኔላ ዓይነቶች ከ6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 6 ቀን ሊወስዱ ይችላሉ። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት፣ ሺጌላ 1 ወይም 2 ቀን ይቆያሉ። ጃርዲያና አሜባ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሰኞ ምሳሽም፣ ማክሰኞ ቢሮ ያመጡላችሁ ሰላጣም ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሰው ሁልጊዜ የሚከሰው መጨረሻ ላይ የቀመሰውን ነው። ከምልክት ብቻ ተነስቶ የትኛው ጀርም ከየት እንደገባ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ እኔም አልሞክርም።

ጁሱን ነጻ እያወጣሁት ግን አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም በላይ እሱን እጠረጥራለሁ። ምክንያቱም ጁስ እሳት አይነካውም። ወጥ ይፈላል፣ እንጀራ ምጣድ ላይ ይበስላል፣ ሻይ ይፈላል። ጁስ ውስጥ የገባ ጀርም ግን በሕይወት እንዳለ ብርጭቆሽ ላይ ይደርሳል።

የአቮካዶው ሥጋ ልጡ ሳይነካ ውስጡ እስካለ ድረስ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። የሚቆሽሸው ከመጀመሪያው የቢላ ጫፍ ጀምሮ ነው። ፍሬው ከማሳ እስከ አትክልት ተራ፣ ከአትክልት ተራ እስከ ጁስ ቤት መሬት ላይ ተደፍቷል፣ በጆንያ ተጎትቷል፣ ስንት እጅ ነክቶታል። ሳይታጠብ ሲቆረጥ ልጡ ላይ ያለውን ቢላው ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። «ልጡ ስለሚጣል ምንም አይደለም» የሚለው አባባል የማይሠራው ለዚህ ነው። መንገድ ዳር ጋሪ ላይ ተቆርጦ የሚሸጠው ሐብሐብና አናናስም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐዩና ዝንቡ አለ።

አቮካዶ ደግሞ እንደ ብርቱካን አይጨመቅም። ፈሰስ ብሎ ጁስ እንዲሆን ውሃ ይፈልጋል። ማንጎና ፓፓያም እንዲሁ። እናም ጁስ ጠጣሁ ስትዪ የጠጣሽው በከፊል የቤቱን ውሃ ነው። ውሃው ከየት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ሌላው ቀን ከሮቶና ከጀሪካን ይቀዳል። ከማጣሪያው ሲወጣ ክሎሪን የነበረው ውሃ እቃ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል። ላዩ ላይ ደግሞ ጣሳ ይጠልቃል፣ ከጣሳው ጋር ጣት። ጀሪካኑ ውስጡ በእጅ አይደረስበትም፣ አረንጓዴ ነገር ሠርቶ ያየሽ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ብሌንደሩ አለ። ጆጉን ያለቅልቁታል፣ ግን ከሥሩ ምላጩ ያለበትን ክፍል ፈትቶ፣ ጎማዋን አውጥቶ የሚያጥብ ቤት ስንት ነው? እዚያች ጎማ ሥር የጠዋቱ ፓፓያ ማታም አለ። በቤትሽ ያለውን ብሌንደር ዛሬ ፈትተሽ ጎማዋን አሽትቺያት፣ የምለው ይገባሻል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ባልዲውን ነው። ብርጭቆ የሚለቀለቅበትን ባልዲ ወይም ሳፋ። በአንድ ወቅት አንድ ጁስ ቤት ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እየጠበቅሁ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ልጁ ብርጭቆውን ከደንበኛ ተቀብሎ ባልዲው ውስጥ ይነክራል፣ አንዴ ያሽከረክራል፣ ያወጣል፣ በፎጣ ይወለውላል፣ ለሚቀጥለው ይሞላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስቀመጥ ውሃው አልተቀየረም። ቀለሙ ማንጎ ሆኖ ነበር። ፎጣዋም ጠረጴዛ የምትጠርገው ፎጣ ናት። እንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ የጠጡትን ሁሉ አፍ ተካፍሎ ነው የሚሄደው። ልጁን ልወቅሰው አልፈልግም፣ ትጉ ልጅ ነበር። የቧንቧ ውሃ የሌለው፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ከጎረቤት ካፌ ቁልፍ የሚለምን ሰው ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? እጁን የሚታጠብበት ቦታ ከሌለው ያንቺ ብርጭቆ ንጹህ የሚሆንበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ ሎሚው። ሎሚ ጎምዛዛ ነው፣ ጎምዛዛ ነገር ብዙ ባክቴሪያ አይወድም፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ላይ የተጨመቀች ግማሽ ሎሚ፣ ያውም ከመጠጣትሽ ከአንድ ደቂቃ በፊት፣ ጀርሙን አትገድልም። አቮካዶ ጎምዛዛነት የለውም ማለት ይቻላል፤ ፒኤቹ (የጎምዛዛነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎምዛዛነቱ ይበልጣል) ከ6 በላይ ነው፣ ለባክቴሪያ ምቹ ቤት ነው። ፓፓያም ብዙ አይርቅም። ብርቱካንና አናናስ ከ4 በታች ወይም እዚያ አካባቢ ስለሆኑ ጀርም እንደ ልቡ አይራባባቸውም። ግን አለመራባት አንድ ነገር ነው፣ መሞት ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ያልፈላ የፖም ጁስ ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ተበክሎ ከ60 በላይ ሰዎች ታመዋል፣ አንዲት ሕጻንም ሞታለች። ፖም ጎምዛዛ ነው፣ ፋብሪካውም ዘመናዊ ነበር። ሎሚው የሚጠቅመው አቮካዶው ቶሎ እንዳይጠቁር ነው። ይህም ራሱ ያታልላል፤ አረንጓዴ ስለሆነ ትኩስ ይመስላል። ከላይ የሚፈስበት ቪምቶም ለጣዕምና ለቀለም ነው።

ቅዝቃዜውም እንደዚሁ ነው። ፍሪጅ ጀርም አያጠፋም፣ ያዘገያል እንጂ። በረዶም አይገድልም። ብዙዎቹ በረዶው ውስጥ ተኝተው ይቆዩና ሲቀልጥ ይነሳሉ። በረዶው ከምን ውሃ እንደተሠራ ደግሞ ማን ያውቃል? ፍሪጁ ራሱ ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፣ ግን በየደቂቃው የሚከፈት፣ መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት የሚጠፋ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው። ተመቻችቶለት የሚራባ ኢ ኮላይ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከጠዋት 3 ሰዓት ተፈጭቶ በጆግ የተቀመጠ ማንጎ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ራስሽ አስቢው።

9 ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው። በጾም ወቅት ጁስ ቤቶች ወረፋ የሚበዛባቸው በዚያ ሰዓት ነው፣ ቅዳሴ የወጣውም ከሥራ የሸሸውም አቮካዶ ሊጠጣ ይመጣል። ወረፋ ላለማብዛት ቀድመው ፈጭተው ያስቀምጣሉ። በረመዳንም ለማፍጠሪያ ከቀትር ጀምሮ ይዘጋጃል። ባዶ ሆድ ላይ፣ ሰዓታት የቆየ፣ ውሃ የበዛበት ጁስ። በዓመቱ ውስጥ እኔ ከቤት ውጪ ጭራሽ የማልጠጣው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። ውድ ማለት ወንበሩ ጥሩ ነው ማለት ነው። ጓንትም አያሳምንሽ፤ በጓንቱ ብር ይቀበልበታል፣ መልስ ይሰጥበታል፣ ማንጎ ይልጥበታል፣ ባዶ እጅ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሲጨማለቅበት ይታጠበው ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሠራተኞች የጤና ምርመራ ካርድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ተሸክሞ ምንም ሳያመው ዓመታት የሚኖር ሰው አለ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ነበረች፤ እሷ ደህና፣ የምታበስልላቸው ቤተሰቦች በሽተኛ። መርማሪው ይበልጥ የጠረጠረው ጥሬ ኮክ የተቆረጠበትን አይስክሬሟን ነበር፣ የበሰለውንማ እሳቱ ያጸዳዋል።

«ሰውነቴ ለምዶታል» የሚሉኝ አሉ። ለአንዳንዱ ጀርም ከፊል መለማመድ አለ፣ ለሁሉም ግን የለም። ከላዩ አንድ መለኪያ አረቄ ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚያስከትሉትንም አውቃለሁ። አረቄው ጁሱን አያጸዳውም፣ ተቅማጡ ላይ ስካር ይጨምርበታል እንጂ።

ጁስ መንገድ ላይ ጨርሶ መጠጣት የሌለባቸው ሰዎች አሉ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ እርጉዞች፣ በዕድሜ የገፉ፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት የመከላከል አቅማቸው የወረደ። እርጉዞችን ለይቼ የማነሳው በውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ነው። አንድ የማይታሰብ ቡድንም አለ፦ የጨጓራ ሰዎች። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው የሆዱን አሲድ ዝቅ አድርጎታል፣ ያ አሲድ ደግሞ ለጀርም የመጀመሪያው ዘበኛ ነበር። እኛ ጋ ግን ልማዱ ተቃራኒ ነው፤ ጨጓራዬን ያለሰልስልኛል ብሎ በየቀኑ አቮካዶ የሚጠጣው ይኸው ሰው ነው። አቮካዶው ይሁን፣ ቤቱ ይሠራ።

ሁሉም የሆድ መረበሽ ኢንፌክሽን እንዳልሆነ ደግሞ ልብ በይ። ወተት የተጨመረበት አቮካዶ ወተት የማይስማማውን ሰው ይነፋዋል። ትልቅ ብርጭቆ፣ ብዙ ስኳር፣ ብዙ ማንጎ ብቻውን ሆድ ሊያላላ ይችላል። ያንቺ ግን ትውከት ስላለበት ወደዚህ አልወስደውም።

ንጹሁን እንዴት ትለያለሽ? በዓይን ጀርም አይታይም፣ ጣዕሙም ሽታውም ላይለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ «ንጹህ ነው» የሚል ማረጋገጫ ከእኔ አትጠብቂ። የምትችይው አደገኛውን መለየት ነው። ከማዘዝሽ በፊት ሁለት ደቂቃ ቁሚና እይ። የሚፈስ ቧንቧና ሳሙና አለ? ብርጭቆው የሚታጠበው በሚፈስ ውሃ ነው ወይስ በባልዲ? ፍሬው ሙሉውን ሆኖ ፊትሽ ተላጥቶ ነው የሚፈጨው ወይስ ከጆግ ይቀዳል? ብር የሚቀበለውና ፍሬ የሚልጠው ሰው የተለያየ ነው? ባልዲ ካየሽ ውጪ። ጆግ ካየሽ ውጪ። ሰውየውን መጠየቅም ነውር የለውም፣ «ውሃው የታሸገ ነው?» በይው፤ አንዳንድ ቤት ሃይላንድ ገዝተሽ ብትሰጪያቸው በእሱ ይፈጩልሻል።

የሸንኮራ ጭማቂው መኪና ነገር ለየት ይላል። ውሃ አይጨመርበትም፣ ደህና ይመስላል። ነገር ግን አገዳው መሬት ላይ የተጋደመ ነው፣ ሲሊንደሮቹ መሀል የቀረው ጣፋጭ ነገር ቀኑን ሙሉ ዝንብና ንብ ይጠራል፣ ጎምዛዛነቱም ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ በረዶ ይገባበታል። እኔ አልጠጣውም።

እንግዲህ ልጨርሰው። አንቺ ጁስ አትተዪ፣ አቮካዶና ስፕሪስን ግን ከመንገድ አንሺ። ውጪ ስትሆኚ ፊትሽ ተቆርጦ ያለ ውሃና ያለ በረዶ የተጨመቀ ብርቱካን ጠጪ፣ ያውም ወዲያው። ልጅሽ ግን 5 ዓመት እስኪያልፈው ከየትኛውም ጁስ ቤት አይጠጣ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ቅዳሜውን እንዳትነጥቂው ሙዝ ወይም ብርቱካን ራስሽ ልጠሽ ስጪው፣ በታጠበ እጅ። በዝናብ ወራትና አተት ተነሳ በተባለ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ እንደነበረው ማለቴ ነው፣ አንቺም ብርቱካኑን ጭምር ተዪው።

አቮካዶውን ቤት ሥሪው። ፍሬውን ከመቁረጥሽ በፊት በሚፈስ ውሃ እያሸሽ እጠቢ። ውሃውን አፍይ፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቦግ ቦግ ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዪውና ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ማፍላት ካልተመቸሽ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሚ። ብሌንደሩን ፈትተሽ እጠቢ፣ ጎማዋን አትርሺ። ወዲያው ጠጡት፣ የተረፈውን ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዪ።

ዳግም ካመመሽ ደግሞ ወደ አንቲባዮቲክ ከመሮጥሽ በፊት ኦአርኤስ፣ አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ቀስ በቀስ። ደም ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ፣ ወይም ሽንት ከጠፋ ሳትውይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ልጅ ከሆነ አይኑ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ከፈዘዘ ሰዓትም አትጠብቂ።

የማክሰኞውን ልማድ መተው ካቃተሽ ደግሞ ቢያንስ የራስሽን ክዳን ያለው ኩባያ ከቤት ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ቀን ይስቁብሻል። በሳምንቱ ሳትጠይቂ ተቀብለውሽ ይሞሉልሻል፣ ባልዲው ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ ግን ቶሎ ያዢው።